አንድ ጽዋ፣ ሁለት ቅል

ሶርሳ እግዚአብሔርን ይራብ ነበር። ይህን ጠላቶቹ እንኳ አልካዱትም። ከገዘር ከተማ በላይ፣ ክረምት ሲገባ ሚኒባስ የማይወጣው ዳገት ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው። ከቤቱ ጓሮ፣ ከእንሰቱ መሐል፣ ለጸሎት ብቻ የምትሆን ጎጆ ቀልሷል። እዚያ ገብቶ ሲጾም ከብት ቢጠፋ አይጠራም፤ ልጅ ቢታመም አይጠራም። የጉልበቱ ቆዳ እንደ በሬ ጫንቃ ጠጥሯል። ሰው «የጸሎት ሰው» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል።

እሱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር ግን ነበር፤ ሰማዩ ዝም ብሎታል። ወጣት ሳለ፣ ጌታን በተቀበለ ሰሞን፣ እርሻ መሐል በሬዎቹን አቁሞ ሳለ፣ አንድ ሰው ደረቱ ውስጥ ሆኖ ስሙን የጠራው ያህል ተሰምቶት ተንሰቅስቆ አልቅሷል። ያ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ጾመ፤ አልተመለሰም። አስተማረ፣ አጠመቀ፣ የሌላውን ሰው ጋኔን ገሠጸ፤ አልተመለሰም። ጉባኤ ፊት ቆሞ «ጌታ እንዲህ አለኝ» ሲል ውሸቱን እንደሆነ እያወቀ ይላል። ሰብሳቢ ነዋ! ጌታ ሰብሳቢውን ካላናገረ ማንን ሊያናግር ነው?

ጌታ የሚያናግረው ተዋበችን ነበር። ሶርሳን እንደ እሾህ የሚወጋውም ይኸው ነው።

ተዋበች ሸክላ ሠሪ ናት። በአሪ አገር ሸክላ የሚሠራውና ብረት የሚቀጠቅጠው ወገን ማና ይባላል። ገበሬው ማና በሠራው ድስት ይበላል፣ ማና በቀጠቀጠው ማጭድ ያጭዳል፣ ማናውን ግን ከደጁ አያሳልፍም። ከእሱ ጋር አይበላም፣ ከእሱ በኋላ አይጠጣም፤ ማና አፉን ያሳረፈበት ዕቃ ይሰበራል። ወንጌል ወደዚያ ዳገት ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጠንቋዩን አባርሯል፣ ሰካራሙን አስክኗል፣ ሁለት ሚስት ያለውን ከአግዳሚ ላይ አስነሥቷል። ዕቃ ሰባሪውን ግን ማንም ቀና ብሎ አላየውም። «ወግ ነው» ይሉታል። እዚያ አገር ኃጢአት ማረፍ ሲፈልግ ስሙን ወግ ይለዋል፤ ለወግ ደግሞ ንስሐ የሚገባ የለም።

ይህች ባል የሞተባት አሮጊት ከበሩ አጠገብ፣ ማናዎች በሚቀመጡበት የኋላ አግዳሚ ላይ ሆና ስትጸልይ የፊተኞቹ ጸጥ ይላሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ለማ የሚባለው ቀልደኛ፣ ሚስቱ ምጥ ጸንቶባት ወደ ጂንካ የሚያወርዳት መኪና ባጣ ጊዜ ሶርሳን አልጠራም፤ ተዋበችን አስጠራ። ቤት ግን አላስገባትም። አጥር ሥር ዝናብ እየወረደባት ጸለየች፤ ልጁም በሰላም ተወለደ። ለማ የምስጋና ቆሎ ላከላት፤ የሚመለስ ሳህን እንዳይኖር በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ። ይህን ራሱ ሰርግ ቤት ያወራዋል። «የተዋበች ጸሎት አጥር ይዘላል፤ እሷ ግን አትዘልም» ይላል፤ ሰው ይስቃል።

አንድ ቀን ሶርሳ መከራው ሲበዛበት ወደ ማናዎቹ መንደር ወርዶ አጥሯ ላይ ቆመ።

«ተዋበች፣ ጌታ ሲያናግርሽ እንዴት አድርጎ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሽ ሶርሳ። አላናግርሽም ብሎኝ አያውቅም።»

«ምን ያህል ትጾሚያለሽ?»

«እህል ሲጠፋ እጾማለሁ» አለችና ሳቀች። «ይግቡ እንጂ፤ ፀሐይ ነው፣ ውሃ ይቅመሱ።»

«እቸኩላለሁ» ብሎ ተመለሰ። የትም አልቸኮለም። ጎጆው ገብቶ ተደፋና «ጌታ ሆይ፣ ለማናዋ የሰጠኸውን ለእኔ ስለ ምን ከለከልከኝ?» ብሎ ሲነጫነጭ ዋለ።

ጠቡ የተጫረው በምርጊት ቀን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ሊመረግ ሕዝቡ ወጣ። ጭቃ መርገጥ ማን እንደ ማና ያውቅበታል ተብሎ ተዋበችና ጎረቤቶቿ ከጠዋት ጀምረው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ይረግጣሉ፤ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ይለጥፋሉ። በዚያ ሳምንት አዲስ ወንጌላዊ ተመድቦ መጥቶ ነበር። ሚልክያስ ይባላል፤ ትውልዱ ወላይታ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገና መመረቁ፣ ምላሱ ስለት። የአገሩን ነገር ገና አላወቀም። አሮጊቷ ጉድጓዱ ውስጥ ስትንገዳገድ አየና ሮጦ፣ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ያገኘውን ቅል ከጄሪካኑ ሞልቶ አመጣላት።

«እማማ፣ እንኩ ይጠጡ።»

ተዋበች ቅሉን አየችው። «የማን ነው ልጄ?»

«የጌታ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

ቅሉ የሶርሳ ነበር። በዚያ መንደር ያን ጥቁር የወዛ ቅል የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቀዋለች። ግን ዓይኗ ጨልሞባታል፣ ወንጌላዊውም የጌታ ነው ብሏል። ጠጣች።

ያን ጊዜ ሶርሳ ለሠራተኞቹ ሲጸልይ ቆይቶ ከውስጥ ብቅ አለ። ሥራው ቆመ። ወንዶቹ ጭቃቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ተዋበች ቅሉን ከአፏ ልታነሳ ስትል እሱ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጠጪ፣ ጠጪ ተዋበች። አትቸኩይ፤ ጨርሽው» አላት። እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ቅሉን፣ ከትልቅ ሰው እንደሚቀበል ሆኖ፣ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ «ጌታ ይባርክሽ» አላት፤ ወደ መሠረቱ ድንጋይ ሄደና ከስክሶ ሰበረው።

«በሉ፣ ሥራችንን» አለ።

ሚልክያስ ተጠጋው። «ምን አደረጉ፣ ጋሽ ሶርሳ?»

«ምንም። ወግ ነው።»

«የእህትዎ አፍ ስለነካው ነው የሰበሩት?»

«ልጄ፣ አንተ ትናንት የመጣህ ነህ። እኔ ተዋበችን አልጠላትም። እህቴ ናት፣ በጌታ።»

«በጌታ! ከጌታ ውጭስ ምንዎ ናት?»

«ከጌታ ውጭማ ሸክላ ሠሪያችን ናት!» አለ ለማ ከመሰላሉ ላይ። ወንዶቹ ሳቁ። ሶርሳም ፈገግ አለ።

ተዋበች ከጉድጓዱ ወጥታ፣ ስባሪው የሰው እግር እንዳይወጋ እየለቀመች አጥር ሥር ጣለችው። ተመልሳም ጭቃውን ረገጠች። ግድግዳው በዚያ ጭቃ ተመረገ፤ እስከ ዛሬም አልተሰነጠቀም።

ሚልክያስ ከዚያ ቀን በኋላ እሳት ሆነ። የጌታ እራት ሲደርስ ደግሞ የባሰውን አወቀ። ጽዋው አንድ ነው፣ ሸክላ ነው፤ የምትሠራውም ተዋበች ናት። ከፊት አግዳሚ ተጀምሮ በገበሬዎቹ እጅ ያልፍና መጨረሻ ላይ ማናዎቹ ጋ ይደርሳል፤ የተረፈውን ይቀምሱታል። ከአገልግሎት በኋላ ጽዋው ጓሮ ተወስዶ ይሰበራል፤ ለሚቀጥለው እራት ተዋበች ሌላ ሠርታ ታመጣለች። «ለምን ትሰብሩታላችሁ?» ሲላቸው «ለቅድስናው ነው» አሉት። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን አላሹም።

ወንጌላዊው ወደ ሶርሳ ጎጆ ወረደ። ሳያንኳኳ ገባ። ሊሳደብ ነበር የመጣው፤ ሽማግሌው ግን ተደፍቶ፣ ፊቱ እንባና አፈር ሆኖ አገኘው። ሶርሳም ማንም እንዲሰማው የማይፈልገውን ለዚህ ልጅ ነገረው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንጌላዊ። ተምረሃል። እግዚአብሔር ሰውን ዝም የሚለው ለምንድን ነው? እኔ ወደ እሱ ልቅረብ ብዬ ያላደረግሁት የለም።»

ሚልክያስ አልራራለትም። የሚራራ ሰው አልነበረም፤ እውነት ያለው ሰው ርኅራኄ አያስፈልገውም ብሎ የሚያምን ዕድሜ ላይ ነው።

«ዝም አላለዎትም። በተዋበች አፍ ሲናገርዎት ኖሯል። እርስዎ ግን አፏን ይጸየፋሉ። ጽዋው ከኋላ ይጀምር። ከእሷ ተቀብለው ይጠጡ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ካለዎት መጥተው ይጠይቁኝ።»

ሄደ። ሶርሳ ግን ንግግሩን እንደ ተግሣጽ አልሰማውም፤ እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ሰማው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስንት ሳምንት በውሃ ብቻ የከረመ ሰው አንዲት ጉንጭ ታቅተዋለች? መራር ኮሶ የጠጣ፣ የበረሃ ሥር የዋጠ ሰው ይህን አይችልም? እችላለሁ አለ። የሚጠጣው ለድምፁ ነው። ስለ ተዋበች አንዲት ሐሳብ በልቡ አላለፈችም።

እሑድ መጣ። ሶርሳ ምስክርነት አለኝ ብሎ መድረክ ላይ ወጣ።

«ወገኖቼ፣ ጌታ ዝቅ በል አለኝ! እኔ የታወቅሁ ገበሬ፣ የአባቴ ቤት የታወቀ፣ ዛሬ ራሴን አዋርዳለሁ! ዛሬ ከማናዋ በኋላ እጠጣለሁ!»

«ሃሌ ሉያ!» እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። መዘምራኑ ተነሡ። ስልክ ያለው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። ሴቶች አለቀሱ፤ ከፊት ያሉት ማለቴ ነው። ከኋላ አግዳሚ ማንም አላለቀሰም። ሚልክያስ እንደ ድል አድራጊ ጽዋውን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ሄዶ ለተዋበች ሰጣት፤ ሶርሳም በመተላለፊያው መሐል በእንባ እየታጠበ ወረደና ፊቷ ቆመ።

ተዋበች ራሷ የሠራችውን ጽዋ ውስጥ አየች። አልጠጣችም። መልሳ ለወንጌላዊው ዘረጋችለት።

«እኔ ዛሬ አልቀበልም።»

«ምነው፣ እማማ?»

«ሰውየው ወደ ላይ ሊወጣ መሰላል ፈልጓል። እኔ መሰላል አይደለሁም።» ወደ ሶርሳ ዞረች። ከዚያ ቀን በፊት አንተ ብላው አታውቅም። «ቅልህን ስትሰብር ዝቅ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ማንም አላለቀሰም። ዛሬ ሰው ነሽ ልትለኝ ስትመጣ ግን ተዋረድኩ ብለህ ታለቅሳለህ፣ ይጨበጨብልሃል። ቤቴ ውሃ አለ። ሲጠማህ ና። ውሃ ብቻ ነው፣ ጭብጨባ የለውም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ማናዎቹም አንድ ባንድ ተከትለዋት ወጡ።

ሚልክያስ ጽዋውን እንደያዘ ቀረ። እሱም በአሮጊቷ ትከሻ ላይ ቆሞ ሲሰብክ እንደነበረ ያን ጊዜ አልገባውም፤ በኋላም ይገባው እንደሆነ እንጃ። ምክንያቱም ብዙ አልቆየም። ሽማግሌዎቹ «ጉባኤውን ከፋፈለ» ብለው ወደ ጂንካ ከሰሱት፤ ጂንካ ያሉት አለቆችም ሰላም ወዳዶች ናቸውና ሩቅ ቆላ ወዳለችው ወደ ሃና ከተማ አዛወሩት።

ተዋበችን ግን ማዛወር አልተቻለም። «ማና የጌታን ጽዋ መለሰች!» ተባለ። «ክብር ስትሰጣቸው እንዲህ ናቸው» አለ ለማ። በገዘር ገበያ ዕቃዋን ዘርግታ ዋለች፤ የሚጠይቃት ጠፋ። አጠገቧ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ሳይቀሩ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ። ድስቱንም ማሰሮውንም አዝላ ዳገቱን ወጣች። ያ ሁሉ ሲሆን አንድም ሽማግሌ፣ ይህን ያህል ዘመን ስትጸልይላችሁ የኖረች ሴት ምን ትበላለች ብሎ አልጠየቀም። ጸሎቷን ግን ይፈልጉት ነበር። የለማ ሕፃን ሲያተኩሰው ሚስቱ በጓሮ ዞራ መጥታ አጥሩ ላይ ቆማ ጠራቻት። ተዋበችም ወጥታ ጸለየች። አጥሩ እንዳለ።

ሶርሳ ከጎጆው አልወጣም። ተናዶ ነበር መጀመሪያ። አሮጊቷ ከድምፁ የከለከለችው መሰለው። ንዴቱ ሲበርድ ግን ከንግግሯ አንዱ ቃል ብቻ ቀረው፦ ሲጠማህ ና። ጠምቶታል። ይህ እውነት ነበር፤ ምናልባት የነበረው እውነት እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው እንዳያየው በቡናው ሥር ለሥር አድርጎ ወረደ። ያልተሸጡት ድስቶች ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። ተዋበች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ገና ያልደረቀ ማሰሮ በጠጠር ታለሰልሳለች።

«መጣህ?» አለችው። ቀና እንኳ አላለችም።

«መጣሁ።»

«ግባ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማና ቤት ደፍ ተሻገረ። ቤቷ የተጠረገ ነው፤ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። ተዋበች በቅል ከእንስራው ቀዳች። ጥቂት ጠጣችለትና ዘረጋችለት። በሁለት እጁ ተቀበለ። የቅሉ አፍ ላይ ከንፈሯ ያረፈበት ቦታ እርጥብ ሆኖ ያበራል። ሶርሳ ቅሉን በቀስታ አዞረው፤ በወዲያኛው በኩል ሊጠጣ። እሷ አየችው። ማየቷን እሱም አየ።

ጠጣ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጥሩ ውሃ። በጉሮሮው ወረደ። አንድ ትንፋሽ ያህልም ደስ አለው፤ አደረግሁት አለ። ከዚያ ሆዱ ተገለበጠ። ልጅ ሳለ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ እጅ ባቄላ ተቀብሎ እናቱ አፉን እንደ ጭብጨባ በሚጮህ ጥፊ መትታ እንዳስተፋችው ያን ጊዜ አላስታወሰም፤ ሆዱ ግን ያስታውሳል። ወደ ደጅ ቢሮጥም አልደረሰም። ደፉ ላይ አስመለሰ፤ ስታለሰልሰው በቆየችው እርጥብ ማሰሮ ላይ።

ተዋበች ቆማ አየችው።

«ይቅርታ» አለ አፉን እየጠረገ። «ሆዴ ነው። ጾም ላይ ስለከረምኩ...»

«ሆድህ አይደለም።»

ቅሉን ከእጁ ወሰደች። የምድጃው ድንጋይ ላይ መታችው፤ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ይኼ ወግ እንዳይመስልህ» አለችው። «ነገ የጠማው ሰው ቢመጣብኝ፣ በዚህ ሳጠጣው አንተ ትዝ እንዳትለኝ ብዬ ነው።»

«ጸልዪልኝ፣ ተዋበች» አለ። እንባው ይወርድ ነበር፤ አሁን የሚቀርጸው አልነበረም።

«ስጸልይልህ ነው የኖርኩት። ጌታ ሆይ መልስለት እያልኩ። መልሶልሃል። የመለሰልህን ነው አሁን የተፋኸው።»

ሶርሳ ደፉን ይዞ ቆመ። አሮጊቷ የተበላሸውን ማሰሮ አንሥታ እንደገና ልታቦካው ወደ ጭቃው መለሰችው። ጀርባዋን ሰጥታው ሳለ ድምፅዋ ትንሽ ለዘብ አለ።

«ነገም ና። ሌላ ቅል አላጣም። ከነገ ወዲያም ና። ሆድ ይለምዳል፣ ጋሽ ሶርሳ። ሁላችን ስንቱን ለምደናል።»

ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣም። ዝናብ ነው አለ፣ እርሻ ነው አለ።

የጌታ እራት ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ለማ ከጂንካ ገዝቶት የመጣውን ካርቶን ከፈተ። አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ጽዋ፣ በሺህ የሚቆጠር፤ አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል።

«ለያንዳንዱ ሰው የራሱ» አለ ለማ። «ለጤናም ጥሩ ነው፤ ከተማም እንደዚህ ሆኗል። የሚያስቀይም ነገር የለውም። ማንም ከማንም በኋላ አይጠጣም፤ የሚሰበርም ዕቃ የለም። ማናዎቹም ከእኛ እኩል ይደርሳቸዋል። ፍቅር ማለት ይኼ አይደል?»

«ጌታ ጥበብ ሰጠን» አለ አንዱ።

«ሸክላውስ?» አለ ሌላው። «ተዋበችስ?»

«ተዋበች ከእንግዲህ ምን ትደክማለች? አሳረፍናት» አለ ለማ። ተሳሳቁ።

ከዚያም ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። የጸሎት ሰው ምን ይላል? ሶርሳ ካርቶኑን ያያል። በዚያች ቅጽበት ደረቱ ውስጥ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ አንድ ሰው ስሙን ሊጠራ አፉን የከፈተ ያህል ተሰማው። እርሻ መሐል ቆሞ የሰማው ያው ነበር፤ አልተሳሳተም። እንቢ በል ሊለው መሆኑንም አወቀ። ሆዱም ተገለበጠ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ጉሮሮው ድረስ መጣ።

ቸኮለ። ድምፁ ሳይናገር ቀደመው።

«አሜን» አለ።

«አሜን!» አሉ ሁሉም። ካርቶኑ ተዘጋ።

ሶርሳ ወደ ጎጆው ሄደ። በጠጠረው ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ቆየ። ሰማዩ ዝም አለ። ድሮ ዝም የሚለው ለምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። አሁን ያውቃል። ተነሣና አፈሩን ከሱሪው ላይ አራገፈ፤ ምሳ ቀርቧል ሲሉት ወደ ቤት ገባ።